የማጂ መስመሮች

የማጂን ቡና አምራቾች ከሠንጠረዥ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ሆን ብዬ አላደረግሁትም፤ አላወቅሁም ነበር ብል ግን ያም ሙሉ እውነት አይሆንም።

ከሚዛን፣ ከቴፒና ከማጂ የተሰበሰበ የገበሬዎች መረጃ ነበረኝ። የማጓጓዣ ወጪው በሌላ ፋይል፣ በዞንና በወረዳ ስም ተመዝግቧል። ያ ፋይል የቆየ ስለሆነ ሚዛንንም ማጂንም «ቤንች ማጂ» ዞን ውስጥ ያስገባል። የእኛ መጠይቅ የተሞላው ዞኑ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ሚዛን ወደ ቤንች ሸኮ፣ ማጂ ወደ ምዕራብ ኦሞ ሄደዋል። የሚዛንን በእጄ አስተካከልኩ፤ የምኖርበት ስለሆነ ወዲያው ታየኝ። ፋይሎቹን በአር ፕሮግራም ሳጣምር፣ የማጂ የዞን ስም ስላልገጠመ ወጪው «ኤንኤ»፣ ማለትም ባዶ፣ ሆኖ መጣ። አማካዩን ሳሰላም መልሱ ያው «ኤንኤ» ሆነ።

ፕሮግራሙን ለሚያውቅ ወዳጄ ደወልኩ። «ባዶው የማን እንደሆነ አይተሃል? እስቲ ጥቂት መስመር ላክልኝ» አለኝ። አልላክሁም። ጊዜ አጥሮኝ ነው ብያለሁ፤ አጥሮኝም ነበር፤ ዋናው ግን የተዝረከረከ ሥራዬን እንዲያይብኝ አለመፈለጌ ነው። «ማጥፊያውን ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ኤንኤ ኦሚት» አለኝ። ትዕዛዙ አንድ ባዶ ቦታ እንኳ ያለበትን መስመር እንዳለ ይጥላል፤ ስንት እንደጣለም አይናገርም። ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ትክክል ነበር። መስመሮቹን በፊትና በኋላ ማስቆጠር ቀላል ነው፤ አላስቆጠርኩም።

ከገበያ መራቅ የገበሬውን ገቢ ብዙም አይጎዳም የሚል ውጤት ወጣ። ያልተጠበቀ ግኝት መሰለኝና ደስ አለኝ። ምናልባት ደስታዬ ነው እንዳልመረምር ያደረገኝ። ከሁሉም የራቁት ስሌቱ ውስጥ አልነበሩም።

ውጤቱን ሚዛን ላይ በስብሰባ ሳቀርብ፣ ማጂ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቁን የሞሉት ሰው እጃቸውን አወጡ። «የእኛዎቹ የት አሉ?» አሉኝ። ያኔውኑ ገባኝ፤ ኮምፒውተር መክፈት አላስፈለገኝም። «ናሙናው አንሶ ነው» አልኳቸው። የመጀመሪያው ስህተት ከችኮላና ከእፍረት መጣ ልል እችላለሁ። ይህን ግን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ማታ ፋይሎቹን በወረዳ ስም ብቻ አጣመርኳቸው። ማጂዎች ሲመለሱ የርቀቱ ጉዳትም አብሮ ወጣ። የተስተካከለውን ለተሰብሳቢዎቹ ሁሉ ላክሁ፤ ለሰውዬውም ደውዬ ውሸቴን ነገርኳቸው። ለሌሎቹ የጻፍኩት ደብዳቤ ግን «የመረጃ ማጣመር ስህተት» ይላል እንጂ በፊታቸው ስለሰጠሁት መልስ አንድም ቃል የለበትም።