ከአረፋው በፊት ልኬት

የእናቴ ስጋጃ የበግ ጠጉር ነው። አባቴ ድሮ ለሥራ ደብረ ብርሃን በሄደ ጊዜ የገዛላት ነው። እኛ ቤት የሚዘረጋው ለዓመት በዓል ብቻ ነበር። ለፋሲካ ፍኖተ ሰላም ስገባ «ልጄ፣ ትከሻዬ እንቢ አለኝ፤ እስቲ ይኼን አሳጥብልኝ» አለችኝ። ተሸክሜ ወደ አንድ ላቫጆ ወሰድሁት።

በማግሥቱ ስቀበለው ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ፈስሷል፣ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ጠጉሩ እንደ ገለባ ደርቋል። እናቴ ምንም አላለችም። አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ተናድጄ ተመለስሁ። ያጠበው ልጅ ቢበዛ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ልናገረው አፌን ስከፍት እጁን አየሁት። ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ የጥፍሩ ሥር ቆስሏል። «ምን ሆነህ ነው?» አልሁት። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ሳሙናው ነው» አለኝ። ዱቄት ሳሙናና በረኪና በጥብጦ በባዶ እጁ ነው የሚያሸው። ለምን እንደሚያበዛው ስጠይቀው «አረፋ ካላየ ደንበኛው አልታጠበም ይላላ!» አለ።

ቦርሳዬ ውስጥ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ነበር። ቡሬ ገጠር ስለ አሲዳማ አፈር ልዘግብ በወጣሁ ጊዜ አንድ የአፈር ባለሙያ የሰጠኝ ነው። ከባልዲው ነከርሁት። ጠቆር ወዳለ ሰማያዊ ዞረ፤ 11 ገደማ።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የፒኤች መለኪያ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። 7 መካከለኛ ነው። ከዚያ ሲወርድ አሲድ፣ ሲወጣ አልካላይን ይባላል። ሎሚና ኮምጣጤ ታች ናቸው፤ በረኪና ላይ ነው። ልኬቱን በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ሲሆን፣ የሠራውም ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ነበር። ልብ በሉ፤ አንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ 11 ከ7 በአራት ሳይሆን በ10,000 እጥፍ ይበልጣል።

የበግ ጠጉር እንደ እኛ ጠጉር ፕሮቲን ነው። ኃይለኛ አልካላይን ቅርፊቱን ይከፍተዋል፣ ቀለሙን ያላቅቀዋል። በረኪና ደግሞ ጠጉሩን ራሱን ይበላዋል። የሱፍ ምንጣፍ የሚስማማው ከ5.5 እስከ 8 ባለው አካባቢ ነው። ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ክር ምንጣፍ ግን ጠንከር ያለ ሳሙና ይችላል። የሰው ቆዳም ትንሽ ወደ አሲድ ያዘነበለ ስለሆነ የእናቴን ስጋጃ ያበላሸው ያው ባልዲ የልጁንም እጅ እየበላው ነበር።

«ድሮ በእንዶድ እናጥብ አልነበር?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ነጭ ሸማ በእንዶድ ሲታጠብ ኖሯል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉትን አስታውሱ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎችን የሚገድል መድኃኒት የተገኘው ከዚያ ነው። የአመድ ውኃም የተፈጥሮ ነው፤ ግን ብርቱ አልካላይን ነው። «የተፈጥሮ ነው» ማለት «ለስላሳ ነው» ማለት አይደለም። ማወቂያው መለካት ብቻ ነው።

መለኪያ ወረቀት የለኝም ለምትሉ፣ ከርከዴ አፍሉና ጥቂት የሳሙና ውኃ ጠብ አድርጉበት።  ወደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከዞረ ሱፍ አታስነኩት። ምንጣፉ ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ሲነካ ይፈርሳል። ፕላስቲክ ቀልጦ ይደድራል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነም በማይታይ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ሞክሩ። ከሁሉ በላይ፣ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የቡሬው ገበሬ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ማሳው ዓመት ከዓመት ማዳበሪያ ይበላል፣ እህሉ ግን አይነሣም። አፈር ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳዋል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን የሚታወቀው አፈሩ ሲለካ ነው። ሳይለካ ማዳበሪያ የሚጨምር ገበሬና አረፋ ካላየ የማያምን ደንበኛ ያው አንድ ናቸው። ደንበኛውም እኔ ነበርሁ። ስጋጃውን አስረክቤ ስሄድ «ሱፍ ነው፣ ተጠንቀቅ» ማለት የኔ ድርሻ ነበር። የጎማ ጓንት ገዝቶ መስጠት ደግሞ የባለቤቱ።

ከቀረኝ ወረቀት ግማሹን ለልጁ ሰጠሁትና ቀለሙን ከቁጥሩ ጋር እንዴት እንደሚያስተያይ አሳየሁት። ጓንትም ገዛሁለት። በወሩ ሌላ ምንጣፍ ይዤ ስመለስ ሳይቀበለኝ «ሱፍ ነው ፕላስቲክ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣቶቹ ድነዋል።

የእናቴ ስጋጃ ግን አልዳነም። አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው።