የአሮጌ ጣሪያ ምስማር ወዴት ይጣል?

ካዛንቺስ የቤታችን ጣሪያ ሲቀየር ሠራተኞቹ «የወረደውን ሁሉ ሰፈሩ ገንዳ ውስጥ እንጣለው?» አሉኝ። «አይሆንም» አልኳቸው። ከገንዳው ዕቃ የሚለቅሙ ሰዎች በባዶ እጃቸው ነው የሚነኩት፤ ልጆችም አጠገቡ ይጫወታሉ። በነርስነት ዘመኔ የምስማር ቁስል ብዙ አጥቤአለሁ።

ስለዚህ ለየነው። ቆርቆሮውን ቆራሌው ገዛን፤ እንዲህ ያለው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ የከሰል ምድጃ ይወጣዋል። ምስማሩን ለቅመን በጣሳ ከደንነውና አብረን ሸጥነው። ገንዳ የገባው በማዳበሪያ የታሰረው አቧራማ የአቡጀዲ ኮርኒስ ብቻ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም፤ አፈር ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይመቸዋል። ልጅ ምስማር ከወጋው ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ የክትባት ካርዱን ይዛችሁም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።