ከማሳው ዳር ያለችው ማሽላ

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ምክር በወሎ ገበሬ ቤት የቆየ ነው። ክፋት የለውም። ዝናቡ ጥቂት ሲዘገይ ጓዳ በሚጎድልበት በሐብሩ ቆላ፣ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አባት ልጁን «አርፈህ ያለህን ያዝ» ቢለው ፈሪ አያሰኘውም። መዘዙ የሚመጣው ምክሩ ጎተራውን አልፎ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ሰው የሚያንሰው በንብረቱ ብቻ አይሆንም፤ የሚያውቀውንም ይንቃል። ወልድያ ላይ ወጣቶች ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ «ደግሞ ከእኛ አገር ምን ይወጣል!» የሚል መስማት ብርቅ አይደለም።

ማሽላ ወጥቷል።

የወሎ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» የሚላት የማሽላ ዘር አለች። ምርቷ ትንሽ ስለሆነ ማሳውን ሁሉ አይሰጣትም፤ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ፣ ወይም ዳር ዳሩን፣ ጥቂት ይዘራታል። እሸቷ ሲደርስ ዛላው ፍም ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ በመዳፍ ይታሻል፤ ገለባው እፍ ተብሎ ይበርና ልጆች ትኩሱን ይቅሙታል። ለከርሞ የሚሆነውን ደግሞ የቤቱ እመቤት ዛላ ዛላውን መርጣ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጭስ የጠገበ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም። ይህን ሁሉ ማንም ምርምር ብሎት አያውቅም። የጓዳ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ራሜሽዋር ሲንግ እና ጆን አክስቴል የተባሉ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከየአገሩ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ላይሲን የሞላባቸው ሁለት ዘሮች አገኙ። ላይሲን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ በማሽላ ውስጥ ግን እጅግ የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። ሁለቱም ዘሮች የተገኙት ከወሎ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ያስታወሰው የዲምብልቢን ፊልም ነው፤ ወሎም ራሱን ያየው በዚያ ፊልም ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር ዘሮቹ ዓለምን አልቀየሩም። ፍሬያቸው ጭምድድ ያለ፣ ምርታቸውም ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ የተደከመበት ማዳቀል የታሰበውን ያህል አልሠመረም። እንግዲህ ገበሬው እንዲህ ያለውን ዘር ዳር ላይ ማድረጉ ስሌት እንጂ ስንፍና አልነበረም። የልጆቹን ጉንጭ በዳሩ፣ የዓመቱን ቀለብ በመሐሉ ያዘ።

አክስቴል በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ማሽላ ሲሰበስብ አንድ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ምሩቅ አብሮት እንዲሠራ አደረገ፤ ገቢሳ እጀታ ይባላል። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለደው ይህ ልጅ ትምህርት ፍለጋ እሁድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን ትምህርት ቤቱ አካባቢ ከርሞ ዓርብ ይመለስ ነበር። ሐሳቡ ምህንድስና መማር ነበር፤ ወደ እርሻ የመለሱት እናቱ ናቸው። ለብዙዎች እርሻ ማለት ወደ ኋላ መመለስ በነበረበት አገር እኚህ እናት ትልቁን ነገር ማሳ ውስጥ አዩት።

ገቢሳ ፐርዱ ገብቶ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በኋላም ዕድሜውን ለአቀንጭራ ሰጠ። አቀንጭራን የቆላ ገበሬ ያውቃታል። ሐምራዊ አበባዋ ሲያዩት ያምራል፤ እሷ ግን ከአፈር ሥር በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቃ ስትመጠው ቆይታ፣ ብቅ የምትለው ጉዳቱን ካደረሰች በኋላ ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ይጠብቃል። ገቢሳና ባልደረቦቹ ይህን የኬሚካል ጥሪ እምብዛም የማያሰሙ ማሽላዎችን አዳቀሉ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ።

ከእነዚያ ዘሮች ሁለቱ በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ተለቀቁ። አንዱ ከወልድያ ወደ ቆቦ መንገድ ላይ ባለችው ከተማ ስም «ጎብዬ» ተባለ፤ ሌላው፣ ወሎዬ ያዘነ ሰው በሚያበረታበት ቃል፣ «አብሽር»። «ብርሃን» የተባለውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር ደግሞ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ሐብሩ ውስጥ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለቀቀው። ከወሎ ማሳ የተነሣው የማሽላ ወሬ ፐርዱ ደርሶ ስሪንቃ ተመለሰ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ወልድያ ትልቅ ነገር አይታ አታውቅም ማለት አይደለም። ጥር 2009 የተመረቀውና በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስም የሚጠራው ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ያምራል፤ ከተማዋም ኮርታበታለች። የከተማዋ የእግር ኳስ ክለብ ግን ከፕሪምየር ሊጉ ወርዷል። ባለጸጋ ልጅ ለከተማው ስታዲየም ሊያቆምለት ይችላል፤ በራስ መተማመንን ግን ግንበኛ አይሠራውም።

በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም የስሪንቃ ማዕከልም ተዘረፉ፣ ብዙ ንብረትም ወደመባቸው። ከዚያ ወዲህ «እንደ አቅሚቲ እንኑር» የሚለው ድምፅ ቢበረታ አያስገርምም። ሁለቱም ግን ሥራቸውን እንደገና ጀምረዋል፤ የመርሳ ግብርና ኮሌጅም እዚያው ሐብሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ያጣ የወልድያ ወይም የመርሳ ተማሪ ከበይነ መረብ የሌላ አገር ርዕስ ከመገልበጡ በፊት አያቱ ጓዳ ይግባ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ዛላ አውርዶ ስሙን ይጠይቅ፤ ለምን ዳር ላይ እንደሚዘራ፣ በድርቅ ዓመት የትኛው እንደሚተርፍ ይጻፍ። አያቱ «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅምሃል?» ቢሉትም መጻፉን አያቁም።