የካውያው ሰርኪትና የቦርከና ውሃ



ደሴ፣ እኛ ዘንድ የሚቀሩ ልጆች መብራት ሲጠፋ የአዛኑን ድምፅ ማጉያ ወደ ባትሪ የሚያዞር ትንሽ ሰርኪት በእጃቸው ሠሩ። ቦርዱንም አልገዙትም። ኪታብ ላይ ያደግን ሰዎች ብንሆንም አጠገባቸው ቁጭ ብለን ያየነውን እንንገራችሁ።

ሥዕሉ የሚታተመው በሌዘር ፕሪንተር ነው። ቶነሩ በሙቀት የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ለዚህ አይሆንም። ለሥራው የተዘጋጀ ወረቀት አለ፤ ልጆቹ ግን በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ገጽ ተብቃቁ። መዳብ የተለበጠውን ሰሌዳ በሽቦ ስፖንጅ ፈትገው በአልኮል ወለወሉት። የጣት ቅባት ካለበት ቶነሩ አይይዝማ! ወረቀቱን ደፍተው ያለ እንፋሎት በጋለ ካውያ ለደቂቃዎች ተጫኑት። ውሃ ውስጥ ነክረው ወረቀቱን በጣት ሲያሹት ጥቁሩ መስመር መዳቡ ላይ ቀረ። ማሻአላህ!

ቀጥሎ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ ቶነር ያልሸፈነውን መዳብ በላው። ይህ በፕላስቲክ ሳህን፣ በጓንትና በመነጽር የሚሠራ ነው፤ ብረት ዕቃ ከሆነ ዕቃውንም ይበላዋል። ልብስ ላይ ቢንጠባጠብ ደግሞ በረኪና እንዳታፈሱበት፤ አሲድና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሥራው እንዳለቀ አንዱ ደረሳ ሳህኑን ይዞ ወደ ውዱእ ማድረጊያው ቦይ አመራ። አስቆምነው።

«ኡስታዝ፣ ትንሽ እኮ ነው» አለ።

ትንሽ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ፈሳሹ የሟሟ መዳብ ተሸክሟል፤ መዳብ ደግሞ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት መርዝ ነው። ከደሴ የወረደ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቦርከና። ቦርከናስ? ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ከሚሴ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የምንዘይራቸው ዘመዶቻችን ከእኛ በታች ናቸው። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ስናማ እየዋልን የራሳችንን ሳህን ብንደፋ ምን ይባላል?

አሁን ፈሳሹ «መርዝ» ተብሎ በተጻፈበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሕፃናት እጅ ርቆ ተቀምጧል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ቦርድ ያገለግላል። ሲደክም ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ አረፋው ገንፍሎ እንዳይፈስ ቀስ ማለት ነው። መዳቡ ከደለሉ ጋር ይዘቅጣል፣ ደለሉም ደርቆ በዕቃ ይታሸጋል።

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ ኬሚስቶችና ኢንጂነሮች፣ የታሸገውን ደለል የሚረከብ ቦታ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ልጆቹ ሁለተኛውን ቦርድ ጀምረዋል።