የሐይቁ ዳር ጎጆና የአይሮፕላኑ ድምፅ

አላስካ በሚባለው በሰሜን አሜሪካ ጥግ፣ ተራራ ከከበባቸው ከሁለቱ መንትያ ሐይቆች በላይኛው ዳር፣ በግንድ የተሠራች አንዲት ትንሽ ቤት ቆማለች። ርዝመትዋ 5 ሜትር አይሞላም፤ ወርድዋም ከዚያ ያንሳል። ወደ እርስዋ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ በበቅሎ ልሂድ የሚል ሰው ቢኖርም ሐሳቡ ከመንገድ ይቀራል። ይህችን ቤት በ1968 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሠርቶ ሠላሳ ዓመት ያህል የኖረባት ሪቻርድ ፕሬነኪ የሚባል ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩን የሚያወሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ብቻውን የኖረው ሰው» ይሉታል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

ፕሬነኪ በ1916 ዓ.ም. በአሜሪካ በአይዎዋ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል ውስጥ አናጢ ሆኖ ሲያገለግል ሳለ፣ መገጣጠሚያን የሚይዝና ልብን የሚያሰጋ ብርቱ ትኩሳት አገኘውና ለብዙ ወራት በሐኪም ቤት ተኛ፤ በ1945 ዓ.ም.ም በሕመሙ ምክንያት ተሰናበተ። ጤና እንዴት በቀላሉ እንደሚሄድ ያን ጊዜ የተማረ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱን እንደ አደራ ዕቃ ጠበቀው። ቀጥሎም የናፍጣ ሞተር ጥገና ተምሮ፣ በአላስካ በኮዲያክ ደሴት በነበረው የባሕር ኃይል ሰፈር በከባድ መኪናዎች ላይ ሲሠራ ኖረ። ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ሌላው ሰው የሚያርፍበትን ወንበር በሚፈልግበት ዕድሜ፣ እርሱ መጥረቢያ አነሣ።

አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ስፕሩስ የሚባሉትን የጥድ ዘመዶች ቆርጦ፣ ልጦ፣ እንዲደርቁ ከምሮአቸው ነበር። በሚከተለው ዓመት በግንቦት ወር ተመልሶ መጣ። ቤቱን እስኪሠራ ድረስም አንድ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንንና ሚስቱ በዚያው ሐይቅ ዳር ያለቻቸውን ጎጆ አዋሱት። (ብቻውን የኖረው ሰው የመጀመሪያ ሌሊቶቹን ያደረው በሰው ቤት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) ከመሣሪያዎቹም ብዙዎቹን ያመጣው ብረታቸውን ብቻ ነው፤ ዛቢያውንና እጀታውን እዚያው ከጫካው ዕንጨት ጠርቦ አበጀ። በትንሽ አይሮፕላን ለሚሄድ ሰው ዕንጨት ወደ ዱር መጫን ሞኝነት ነውና። የበሩን ማጠፊያና መቀርቀሪያ ከዕንጨት አወጣ፤ ከቤንዚን ቆርቆሮ የማእድ ቤት ዕቃ ቀደደ፤ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ለቅሞ ምድጃ ገነባ። ቀን የሠራውንም ማታ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ካሜራውንም በሦስት እግሩ አቁሞ ራሱን ሲሠራ ፊልም ያነሣ ነበር።

የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ሲቀልስ ያየ ሰው በዚህ እጅግ አይደነቅ ይሆናል። ነገር ግን ተማሪው ጭራሮና ሣር ያሰባስባል እንጂ፣ ግንድን ከግንድ ጋራ ነፋስ እንዳያሾልክ አድርጎ መግጠም አይጠበቅበትም። ብርዱም አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ በዚያ ግን ክረምት ማለት በረዶ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። የሴንቲግሬድና የፋሬንሃይት መለኪያዎች የሚገናኙት በዚሁ ቁጥር ላይ ስለ ሆነ፣ በየትኛው ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

እንግዲህ ሰውየውንም ብረቱንም ዱቄቱንም ወደዚያ ያደረሰው ማን ነው ቢሉ፣ ቤብ አልስዎርዝ የሚባል የአይሮፕላን ነጂ ነው። በክላርክ ሐይቅ ዳር ያለው ፖርት አልስዎርዝ የተባለው መንደር በእርሱ ስም ይጠራል። መንገድ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ሰው ነጋዴም፣ ፖስተኛም፣ አምቡላንስም ነው። በአላስካ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዋና ከተማዋ ጁኖ እንኳ ከሌላው አገር በመኪና መንገድ አልተገናኘችም።

ይህ አይሮፕላን በጎማ ፈንታ ሁለት ረዣዥም ታንኳ የሚመስሉ እግሮች አሉት። እግሮቹ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድና ውሃ ቢገባበት ሌሎቹ እንዲያንሳፍፉት ነው። ጥንቁቅ ነጂ ከመነሣቱ በፊት በየክፍሉ የገባውን ውሃ በመምጠጫ ያወጣል፤ ውሃ ክብደት ነውና። በሐይቅ ላይ ፍሬን የለም፤ ሞተሩ ከተነሣ አይሮፕላኑ መሄድ ይጀምራል። ሲነሣም ውሃው እግሩን ይዞ አይለቅም፤ ስለዚህ ነጂው አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያ አንዱን እግር ከውሃው ያላቅቅና ሌላውን ያስከትላል። አንባቢ የሚያስፈራው ማዕበል ብቻ ነው ብሎ ያስብ ይሆናል። እንደ መስተዋት የተኛ ውሃም ያስፈራል። ሐይቁ ጸጥ ሲል ሰማዩን መልሶ ያሳያልና፣ የነጂው ዐይን ውሃው የት እንደ ጀመረ መለየት ያቅተዋል፤ ገና ከፍ ብያለሁ ሲል ከውሃው ጋራ ይጋጫል። ትንሽ ነፋስ ውሃውን ስታሸበሽበው ነጂው ደስ ይለዋል።

በክረምት ሐይቁ ሲጠና የታንኳው እግር ወጥቶ በምትኩ የበረዶ መንሸራተቻ ይገባል፤ ውሃ የነበረው ሜዳ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ጭንቁ ያለው በመካከል ነው። ብርዱ ሲጀምር ሐይቁ በአንድ ሌሊት አይጠናም፤ አስቀድሞ ዳር ዳሩ ይይዛል፤ ነፋስ ሲመጣ ይሰበራል፤ ደግሞ ይይዛል። በዚያ ጊዜ ለታንኳው እግር ውሃ አይበቃም፤ ለመንሸራተቻውም በረዶው አይጸናም። በጸደይም በረዶው ሲጠቁርና ሲሰነጠቅ እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁለት ወቅቶች ለሳምንታት ሲቆዩ፣ ከሰማይ የሚወርድ ምንም የለም።

ፕሬነኪ በእውነት ብቻውን የነበረው በእነዚህ ሳምንታት ነው። በሌላው ጊዜ ምንም ቢርቅ፣ «ሲያልቅብኝ ቤብ ይመጣል» ማለት ይችል ነበር። በእነዚህ ሳምንታት ግን መጥረቢያው ቢያመልጠውና እግሩን ቢቆርጠው፣ ወይም ያ የድሮ ትኩሳት ቢመለስበት፣ የወዳጁ ፍቅር ምንም ቢበዛ ሊደርስለት አይችልም። ፍቅር ሳይጎድል መንገዱ ይጎድላል። ይህን እያወቀ ዕንጨቱን ይፈልጥ ነበር፤ በመጥረቢያው ግን እንደ ልጅ አልተጫወተበትም። ጥንቃቄው ከፍርሃት አይመስልም፤ ይልቁን ሌሎችን ወደ አደጋ ላለመጥራት ነው ማለት ይቀላል። በዚያ አገር አንድ ሰው በጭጋግ ውስጥ ለሕመምተኛ ሲበር፣ ሁለት ሰው ይጠፋልና።

ነገርን አጥብቀው የሚመረምሩ አንባቢዎች «ታዲያ ይህ ሰው መናኝ ነውን?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። መናኝ ዓለሙን ሲተው የዓለሙን ወሬም ይተዋል፤ ፕሬነኪ ግን ደብዳቤ ይጠብቅ ነበር፤ ለብዙ ሰውም ይጽፍ ነበር። ሰው ጠልቶ የሸሸም አይደለም። ሸሽቶ ቢሆን ኖሮ የአይሮፕላን ድምፅ በሸለቆው ሲሰማ ወደ ጫካ በገባ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ሐይቁ ዳር ይወርድ ነበር። በሰምና ወርቅ ለሚያነብ ሰው የዚህች ጎጆ ሰሙ ብቸኝነት ነው፤ ወርቁ ግን የሁለት ሰዎች መተማመን ነው። አንዱ «በዚህ ቀን እመጣለሁ» ይላል፤ ሌላው ደመናውን አይቶ ቢዘገይም አያማርርም።

ያው አይሮፕላን ሌላም ነገር ያመጣል። አዳኞችን ያመጣል፤ አዳኞቹም ቆርቆሮአቸውን ትተው ይሄዳሉ። ፕሬነኪ በየሰፈሩ የጣሉትን ጥራጊ እየለቀመ ያጸዳ ነበር፤ በዚህም ነገር ይቆጣ ነበር። ቁጣው እውነት ነበረ፤ ዳሩ ግን እርሱን ያመጣውና እነርሱን ያመጣው ክንፍ አንድ ነው፤ አንዱን መርቆ ሌላውን መርገም አይቻልም። ከዚህም ሌላ ወዳጁ ሳም ኪት ደብተሮቹን መሠረት አድርጎ በ1973 ዓ.ም. መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ብቻውን የኖረው ሰው ስለ ብቸኝነቱ በብዙ ሰው ዘንድ ታወቀ፤ እንግዳም በዛበት። እንግዳውን አላባረረም፤ አስገብቶ ቤቱን ያሳይ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በክላርክ ሐይቅ ስም የተጠራው አገር እነዚህንም ሐይቆች ያጠቃልላል፤ ስለዚህ ሰውየው ቦታውን ሳይለቅ በመንግሥት ጥብቅ አገር ውስጥ የሚኖር ሆነ።

በመጨረሻ ያሸነፈው ብርድ አይደለም፤ ድብም አይደለም። ዕድሜ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ክረምቱን ብቻውን መቋቋም የማይቻል ሆነና ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ከወንድሙ ጋራ ተቀመጠ። ለሠላሳ ዓመት ዕንጨቱን ራሱ የፈለጠ ሰው፣ ሌላ ሰው ባሞቀው ቤት ውስጥ በ2003 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ዐረፈ። ቤቲቱን ለፓርኩ ተወላት፤ በ2007 ዓ.ም.ም በአገሩ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈች።

ዛሬ በበጋ ወራት ጎብኚዎች ይመጣሉ። ነጂው በሐይቁ ዳር አውርዶአቸው፣ የሚመለስበትን ሰዓት ይነግራቸውና፣ ደመናውን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶ ይነሣል። ድምፁ በተራራው ኋላ ከጠፋ በኋላ የሚሰማው የወንዙ ውሃ ብቻ ነው። ሰዎቹ ወደ ጎጆዋ ይወጣሉ፤ የዕንጨቱን መቀርቀሪያ ይዳስሳሉ፤ ጠባብነትዋን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ሲቆዩ፣ አንዱ ሳይታወቀው ከንግግሩ መካከል ያቋርጥና፣ ጆሮውን ወደ ሸለቆው ያዞራል።