የዘጋው ማን ነው?

2016 ዓ.ም. ገና መግባቱ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት፣ አንድ ተማሪ ያገለገለ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጫነ። ስክሪኑ ሠራ፣ ድምፁ ሠራ። ዋይፋዩ ግን ጭራሽ የለም።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው «ካርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ልጁ ግን ደረጃ በደረጃ ፈተሸ። ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ካርዶች ሲያስዘረዝር የኢንቴል ዋይፋይ ካርዱን አገኘው፤ አልሞተም ማለት ነው። የሲስተሙን መዝገብ ሲያነብ ደግሞ ችግሩ በግልጽ ተጽፏል፤ ፈርምዌር አልተገኘም። ፈርምዌር ካርዱ በተነሳ ቁጥር የሚጫንለት፣ አምራቹ ያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። ያለ እሱ ካርዱ ቁራጭ ብረት ነው።

ፈርምዌሩ ያለው የት ነው? ኢንተርኔት ላይ! ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ሆነ።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ምንጩ ክፍት ያልሆነ ፈርምዌርን ለዓመታት በይፋዊ መጫኛው ውስጥ አያካትትም ነበር። አባላቱ በግልጽ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ይህን ቀየሩ። የልጁ ፍላሽ ላይ የነበረው ግን የቀድሞው ቅጂ ነው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ስልኩን በገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ዳታ ማጋራት። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ በእነዚያው ቀናት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ልጁ ፍላሹን ኪሱ ከቶ፣ መደበኛ መስመር የሚሠራበት ቢሮ ሄዶ፣ በሰው ኮምፒውተር ፋይሉን አወረደ። ተመልሶ ጫነው።

ካርዱ ነቃ፤ ዋይፋዩ ግን አሁንም «ጠፍቷል» ይላል። «አርኤፍኪል» የሚባለውን ትዕዛዝ ሰጠ። ይህ ትዕዛዝ ሬዲዮው የተዘጋው በሶፍትዌር ይሁን በማሽኑ ማጥፊያ ለይቶ ይናገራል። በሶፍትዌር ከሆነ ባለቤቱ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይከፍተዋል። በማጥፊያው ከሆነ እጁን ሰዶ ያበራዋል። የልጁ በሶፍትዌር የተዘጋ ነበር። ከፈተው። የጎረቤት ዋይፋይ ስሞች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ።

ስልኩን አነሳ። ዳታው እንደዚያው ዝግ ነው። እዚህ ጋ የሚጠየቅ ትዕዛዝ የለም፣ የሚነበብ መዝገብ የለም።

በዚያ ወቅት ክፍያው የተስተጓጎለበት ነጋዴ፣ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ቀን ያለፈባት ተመራቂ፣ ውጭ አገር ካለ ልጇ ጋር በቪዲዮ መተያየት ያቃታት እናት ከዚሁ ግድግዳ ጋር ተላትመዋል። መንግሥት ጸጥታን በምክንያትነት ሊያቀርብ ይችላል፤ በዚያ ላይ መከራከር ይቻላል። ክርክሩን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ፤ የዘጋው ማን ነው? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ?

አሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋዩ በምን እንደተዘጋ ለባለቤቱ በሁለት መስመር ይናገራል። ሚሊዮኖች የሚገለገሉበት መስመር ሲዘጋ ሕዝቡ ቢያንስ ያን ያህል መልስ ይገባዋል።