«አሪፍ ነው» አይበቃንም

በግቢያችን ውስጥ አንድ ሰው የቀረጸውን ዘፈን ለጓደኞቹ ሲያሰማ የሚያገኛቸው መልሶች ከሦስት አያልፉም ። «አሪፍ ነው» ፤ «ቆንጆ ነው» ፤ «በርቱ» ። ከሦስቱ አንዱን ሳይል የወጣ ካለ ወይ ቸኩሏል ወይ ኩርፊያ አለው ። እነዚህን መልሶች አንጠላቸውም ። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ለዋለ ሰው «በርቱ» መባል እንደ ትኩስ ሻይ ነው ። ዳሩ ግን በ«በርቱ» ክራር ከፍ ዝቅ አይልም ፤ በ«አሪፍ ነው» የዘፋኝ ድምፅ ጥርት አይልም ። ይሉኝታ ከምንወዳቸው ጠባዮቻችን አንዱ ቢሆንም ዘፈን ለማስተካከል ለተቀመጠ ሰው የሚያቀብለው መሣሪያ የለውም ።

ስለ ምን እንደምንናገር አስቀድመን እንግለጽ ። ዘፈን በቤት ውስጥ ሲቀረጽ ክራሩ ለብቻው ፣ ማሲንቆው ለብቻው ፣ ድምፁም ለብቻው ይያዝና በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ይዋሃዳሉ ። የትኛው ይጉላ ፣ የትኛው ይደብዝዝ ፣ የትኛው ወደ ግራ የትኛው ወደ ቀኝ ጆሮ ይሂድ ፣ የገደል ማሚቶው ያህል የሚያስተጋባው ነገር ምን ያህል ይርዘም የሚለው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ። ባለሙያዎቹ ሚክሲንግ ይሉታል ፤ እኛም እንደነሱ እንላለን ። ወጥ እንደ መሥራት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም ። ሽንኩርቱም ፣ በርበሬውም ፣ ቅቤውም ጥሩ ሆኖ ወጡ ላይጥም ይችላል ። ደግሞም ወጥ ሲቀምስ የዋለ ሰው ምላሱ ይደነዝዛል ፤ «እስቲ ቅመሺልኝ» ብሎ ጎረቤት የሚጠራውም ስለዚህ ነው ። አንድን ዘፈን መቶ ጊዜ የሰማ ጆሮም እንደዚያው ነው ። ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋልና ያልተሰማውን ቃል ሳይቀር የሰማ ይመስለዋል ።

እኛ ሦስት ነን ። አንዳችን ክራር እንመታለን ፤ አንዳችን ማሲንቆ እንገዘግዛለን ፤ አንዳችን እንዘፍናለን ። የምንቀርጸው ከመካከላችን አንዱ ከግቢ ውጭ በተከራየው ክፍል ውስጥ ነው ። በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል ፤ ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል ፤ የተዋስነው ማይክሮፎን በመጻሕፍት ክምር ላይ ይቀመጣል ። የአከራያችን አውራ ዶሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማይጮኽባትን ግማሽ ሰዓት ማግኘት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው ።

ዘፈኑ የዘፋኟ ነው ። እህቷ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር ከሄደች አራት ዓመት አልፏል ። እናታቸው አገር ቤት ናቸው ። ግጥሙ በትዝታ ቅኝት የሚዜም ሲሆን ሁሉ ነገሩ የተንጠለጠለው በሁለት ስንኞች ላይ ነው ፤

መቼ ትመጫለሽ ብዬ ብጠይቃት ፣
ገና ነው አለችኝ ፣ ቀኑን ቆጠርኩላት ።

እንግዲህ አንባቢ ይህን በወረቀት ላይ ሲያየው ሁለቱም ፍቺ በእጁ ነው ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና ። «ገና» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው ፤ ሲጠብቅ ግን የልደት በዓል ነው ። ሰሙ ለበዓሉ ቀን መቁጠር ፣ ወርቁ ማለቂያ ለሌለው «ገና» ቀን መቁጠር ። በወረቀት ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ይኖራሉ ። አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት ፤ ጆሮም የተመረጠውን መስማት አለበት ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምላስ «ን»ን ይዛ የምትቆይባት ቅንጣት ጊዜ ብቻ ናት ። በዚያች ቅንጣት ላይ የክራር ክር ከተመታባት ወይም ማስተጋቢያው ከረዘመባት ዘፈኑ ዘፈን ሆኖ ይቀራል ፤ ነገሩ ግን ይጠፋል ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለሰዎች ማሰማት ጀመርን ። የክፍል ጓደኞቻችን ከላይ የጠቀስናቸውን ሦስት መልሶች አካፈሉን ። ክራር የሚያውቅ አንድ ልጅ ስለ ክራሩ ብቻ አወራን ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆነ ወዳጃችን በቁጥር ተናገረ ። ከዚያ አንድ ቀን አከራያችን ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘናቸውና «እትዬ ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልን» አልናቸው ። ስልኩን ከሰፌዱ አጠገብ አስቀመጥነው ። ምስር መልቀማቸውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙ ።

«ደስ ይላል ልጆቼ ፣ እግዜር ይባርካችሁ» አሉን ። «ግን ልጅቱ ምን አለች ? ‹መቼ ትመጫለሽ› ስትል ሰማሁ ፤ መልሱን ግን ክራሩ ዋጠባት ።»

ስለ ሚክሲንግ እስከ ዛሬ ከሰማነው ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘንም ። ቦታውን ነገሩን ፤ ተጠያቂውን ነገሩን ፤ የደረሰውን ጉዳትም ነገሩን ። ክራሩ መጥፎ ነው አላሉም ፤ ዘፋኟም ትጩህ አላሉም ።

የኢንጂነሪንጉ ወዳጃችን ደግሞ ይህንኑ በራሱ ቋንቋ ተረጎመልን ። የሰው ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው በሴኮንድ ከ2000 እስከ 5000 ያህል ንዝረት ባላቸው ድምፆች ላይ ነው ። ቃላትን ከቃላት የምንለይባቸው ብዙዎቹ ተነባቢ ድምፆችም እዚያው ሠፈር ናቸው ። የክራር ክር በጣት ሲመታ የሚሰማው «ጭው» የሚለው መነሻም እዚያው ይወድቃል ። ሁለት ሰዎች በአንድ በር በአንድ ጊዜ ሊያልፉ ሲሞክሩ ወፍራሙ ቀጭኑን እንደሚጋርድ ክራሩም ቃሉን ይጋርዳል ። መድኃኒቱ ታዲያ ዘፋኟን ማስጮኽ አይደለም ። ክራሩን ከዚያ ሠፈር ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ነው ፤ ይኸውም በ3000 አካባቢ ያለውን ድምፁን ብቻ ትንሽ መቀነስ ። የቀረው የክራሩ ወዝ ባለበት ይቆያል ።

ከዚህ ወዳጃችን ሌላም ትምህርት አግኝተናል ። ሁለት ቅጂ አሰምተን «የቱ ይሻላል ?» ስንል ሰዎች ከፍ ብሎ የተሰማቸውን ይመርጣሉ ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆሮ ዝግ ባለ ድምፅ ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል ፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ሁሉም ሞላ ያለ ይመስላል ። ስለዚህ ሁለቱን ቅጂዎች እኩል ከፍታ ላይ ሳያስቀምጡ ማወዳደር ጫማ አድርጎ ከባዶ እግር ጋር ቁመት እንደ መለካት ነው ። እኛም ከፍታቸውን እኩል እያደረግን «ሀ» እና «ለ» ብለን ማሰማት ያዝን ። የትኛው አዲሱ እንደሆነ አንናገርም ። ስንናገር አዲሱን ያሞግሱልናል ፤ ይሉኝታ እዚህም ገብታ ትቀመጣለች ።

ይህ የጆሮ ልመና የእኛ የድሆቹ ብቻ እንዳይመስል ። ቤሪ ጎርዲ በ1959 በዲትሮይት ከተማ ያቋቋመው ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ድርጅት በየሳምንቱ ሰዎቹን ሰብስቦ የትኛው ዘፈን ይውጣ የትኛው ይቅር እያለ ያከራክር ነበር ። ጥያቄውም ቀላል ነበር ፤ የመጨረሻ ዶላርህ እጅህ ላይ ብትሆንና ቢርብህ ሳንድዊች ትገዛለህ ወይስ ይህን ዘፈን ? ደግሞም ዘፈኑን የሚፈትኑት በትልቁ ድምፅ ማጉያ ብቻ ሳይሆን የመኪና ሬዲዮ በምታክለው ትንሽ ማጉያ ጭምር ነበር ፤ ገዢው የሚሰማው በመኪናው ውስጥ ነውና ። ያማሃ በ1978 ለመኖሪያ ቤት ብሎ ያወጣት ኤን.ኤስ.10 የተባለች ማጉያም በየስቱዲዮው የገባችው ስለምታቆነጅ አልነበረም ። ጉድለትን ስለማትሸፍን ነበር ። በ2001 መሠራቷ ቢቆምም ነጯ ክብ ፊቷ ዛሬም በብዙ ስቱዲዮዎች ትታያለች ። በአገራችንም ቢሆን አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ባሳተማቸው ሸክላዎች ዘመን ባንዱና ድምፃዊው አብረው እየተጫወቱ ይቀረጹ ስለነበር በኋላ የሚስተካከለው ጥቂት ነው ። ሚክሲንጉ የሚያልቀው በተጫዋቹ ጣትና በዘፋኙ እስትንፋስ ላይ ነው ። አንዱ ለሌላው ቦታ ካልለቀቀ ሸክላው ላይ ያው ይቀራል ።

አስተያየት ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል ። አንዱ «ክራሩ ይውጣ» ይላል ፤ ሌላው «ክራሩ ይግባ» ይላል ። አንዱ ማሲንቆው አስለቀሰኝ ሲል ሌላው ማሲንቆው ራሴን አመመኝ ይላል ። ሁሉንም እንስማ ያለ ሰው ዘፈኑን አህያዋን እንደ ተሸከሙት አባትና ልጅ ያደርገዋል ። ቀስ በቀስ አንድ ልማድ አወጣን ። ሕመምተኛ የሚያመውን ቦታ ያውቃል ፤ መድኃኒቱን ግን አያውቅም ። ስለዚህ አድማጭ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ ፣ እዚህ ጋ አልሰማሁም» ሲል እንቀበላለን ፤ ደቂቃውንና ሴኮንዱን እንጽፋለን ። «ይህን ጨምሩ ፣ ያን ቀንሱ» ሲል ደግሞ እናመሰግናለን ፤ ግን አንቸኩልም ። ሳይነጋገሩ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ከጣሉ እዚያ ነገር አለ ማለት ነው ። አንድ ሰው ብቻ ያለው ነገር ደግሞ የሰውየው ጣዕም ሊሆን ይችላልና እናሳድረዋለን ።

ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ ሆና ከሦስት ሰው የምትበልጥ አድማጭ አለች ። እሷም ዘፈኑ የተላከላት ናት ። ቅጂውን ልከንላት ሦስት ቀን ዝም ካለች በኋላ በድምፅ መልእክት መለሰች ። «ክራሩ የታለ ? ክራር አለው ብለሽኝ ነበር እኮ !» ። እኛ ዘንድ ክራሩ በቀኝ ጆሮ ፣ ማሲንቆው በግራ ጆሮ እንደ ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ ። እሷ ግን የምታዳምጠው ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ፣ የግራዋን ማዳመጫ ብቻ ሰክታ ነው ። ቀኝ ጆሮዋ እመቤቲቱ ስትጣራ ለመስማት ክፍት መሆን አለበት ። በየትኛው መጽሐፍ ይህ ተጽፎ ይገኛል ? ለአንድ ጆሮ ብቻ ጊዜ ላላት ሴት የሚደረግ ሚክሲንግ ? ሁለቱንም ወደ መካከል አቀረብናቸው ። ያ ያማረ ስፋት ጠበበ ። ጠበበ እንጂ አሁን በየትኛውም ጆሮ ቢሰማ ሙሉ ነው ።

የቀረችው «ገና» ናት ። ማስተጋቢያውን አሳጠርነው ፤ ክራሩም ከቃሏ በፊት አንዲት ምት ዝም እንዲል አደረግን ። ያን ጊዜ ቃሏ ጥርት ብላ ወጣች ። መጥራቷ ግን ሌላ ክርክር አመጣ ። ከሦስታችን አንዱ «ላልታ ብቻ ትዘፈን» አለ ። «እናቷ አጥብቀው ከሰሙት በዓሉን ይጠብቃሉ ። ማን ቃል ገባላቸው ? በአንድ ፊደል ሰው እናታልል ?» ። ዘፋኟ ግን እምቢ አለች ። «እናቴ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ነው የሰማችው ። አንዱን ብቆርጠው የሷ ዘፈን አይሆንም» አለች ። እስከ ማታ ተከራከርን ። በመጨረሻ አዝማሪዎቻችን ስንኝን ደግመው የማለት ልማዳቸው መንገድ ሰጠን ። ስንኙ ሁለት ጊዜ ይባላል ፤ መጀመሪያ አላልታ ፣ ሲደገም አጥብቃ ። በመጀመሪያው ላይ ክራሩ ዝም ይላል ፤ በሁለተኛው ላይ ማሲንቆው ይከተላታል ።

ቅጂውን ለእናትየው አስደመጥን ። የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ነው የሰሙት ። ዘፋኟ ስልክ ደውላ እንዳስተማርናት ጠየቀቻቸው ፤ «ወደድሽው ወይ ?» አላለችም ፤ «እማዬ ፣ ምን ስል ሰማሽ ?» አለቻቸው ።

«መጀመሪያ ገና አልሽ ፤ ከዚያ ለገና አልሽ» አሏት ። ቃሉ ደርሷል ማለት ነው ። እኛ በዚህ በኩል በደስታ ልንዘል ስንል ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አከሉ ፤ «እና ልጄ ፣ ገናው መጥቶም ገና ቢሆንስ ?»

ይህ አስተያየት ደቂቃም ሴኮንድም የለውም ። በየትኛው ቁልፍ እንደሚስተካከል የኢንጂነሪንጉን ወዳጃችንን አልጠየቅነውም ። ዘፋኟ ግን ወረቀቷን አውጥታ ጻፈችው ፤ ሦስተኛ ስንኝ ይሆናል ብላለች ። ቅዳሜ እንቀርጸዋለን ፤ ዶሮው ከፈቀደልን ።

እናንተም የቀረጻችሁትን ይዛችሁ ኑ ። «አሪፍ ነው» አንላችሁም ። ሁለት ጊዜ እንሰማለን ፤ አንዴ በትልቁ ማጉያ ፣ አንዴ ስልኩን ከሰፌድ አጠገብ አስቀምጠን ። ከዚያ የሰማነውን ቃል በሙሉ እንደግምላችኋለን ፤ ያልደገምነውን እናንተ ታውቁታላችሁ ።